ጌዲን ያጠፋት ጦርነት ብቻ ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

የኬንያዋ ጥንታዊት ከተማ ጌዲ በተነሳች ቁጥር ጥፋቷ በጦርነት ይሳበባል። እኔ ግን መጀመሪያ የውኃ ጉድጓዱን እዩ እላለሁ። በታላቁ መስጊድ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ውኃው እየራቀ ሲሄድ ወደ ታች እንደገና ተቆፍሯል። ውኃ ከራቀ ምን ከተማ አለ? የፖርቱጋሎች መምጣትና የኦሮሞ መስፋፋትም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። ብቻ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነዋሪው ጥሏት ወጣ።

አርኪኦሎጂስቱ ጄምስ ኪርክማን ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍርስራሿን ሲቆፍር ከቻይና የመጣ ፖርሴሊን (ስስ የሸክላ ዕቃ) ሳይቀር አገኘ። ቤቶቹ የሚጠሩትም በተገኘባቸው ዕቃ ነው፦ የመቀሱ ቤት፣ የብረት ፋኖሱ ቤት። (ደስ አይልም?) በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በአቅራቢያዋ ወዳለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ማሊንዲ ለመዋኘት የምትሄዱ፣ ለጌዲ ግማሽ ቀን ስጧት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ