የጥንት ገንዘብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም «የሀብታም ልጆች ጨዋታ» ከመባል አልዳነም። ክበቡ ግን የራሴ የሚለው አንድም የብር ሳንቲም የለውም። የምንመረምራቸው ሳንቲሞች ተማሪዎች በወላጅ ፊርማ ከየቤታቸው ተውሰው የሚያመጧቸው ናቸው፤ በዚያው ቀን ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ። አንገዛም፣ አንሸጥም። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሳያነብ አባል የሚሆን የለም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ስብሰባዎች ምርጫ፣ መተዳደሪያ ደንብና የሳንቲም መመዝገቢያ ካርድ በማዘጋጀት አለፉ። ከዚያ ወደ ዋናው ሥራ ገባን። በጠገራው ብር ጀመርን። ምስሏ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ብትሞትም ያንኑ ዓመት የያዘው ብር ከዚያ በኋላም በቪየና፣ ቆይቶም በሮምና በለንደን ሳይቀር ሲቀረጽ ኖሯል። ስለዚህ ዓመቱን አይቶ «ጥንታዊ ነው» ማለት አይቻልም። ተማሪዎቹ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ መሆኑን፣ በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን 9 ዕንቁዎች፣ በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ብለው የወጡትን ፊደላት ማየት ለመዱ። በቅርጽ አፍስሶ የሚሠራ አስመሳይ ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው ጠርዙ ላይ ነው።

የምኒልክ ብር በፓሪስ የተቀረጸ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ላይ ያለው ዓመት ፲፰፻፹፯ ነው። ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ሲሆን ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲመሳሰል ተደርጓል። ሁለቱንም በውሃ ውስጥ መዝነን እፍግታቸውን ስናሰላ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10.2 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። እርሳስ ከዚያ ይበልጣል፣ መዳብ ያንሳል። በክፍል ውስጥ እፍግታ ሲባል ያዛጉ የነበሩ ልጆች እዚህ ውጤቱን ለማወቅ ሲሻሙ አይቻለሁ።

የዓመቱ ከባዱ ርዕስ ፕሩፍ ነበር። ብዙ ሰው ፕሩፍ ማለት በደንብ የተጠበቀ ሳንቲም ይመስለዋል። ፕሩፍ ግን የአሠራር ዓይነት ነው፤ ማኅተሙም (ምስሉን የሚያትመው ብረት) ጥፍጥፉም (ገና ያልታተመው ክብ ብር) አስቀድመው ይወለወላሉ፣ ከአንድ ጊዜ በላይም በኃይል ይመታል። ሜዳው፣ ማለትም ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ገጽ፣ እንደ መስታወት ያበራል፤ ፊደላቱና በምኒልክ ብር ላይ ያለው የአንበሳ ጎፈር ጥርት ብለው ይወጣሉ። ለገበያ ሳይሆን ለስጦታና ለማሳያ ስለሚሠራ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን የአያቷን የ፲፰፻፹፱ ብር በመሐረብ ቋጥራ ያመጣችው በዚህ መሀል ነው። የዓድዋ ድል በተገኘ ማግስት ያለውን ዓመት የያዘ ብር ነው። ያበራል! ቤተሰቡም አንድ የገበያ ሰው «ይህማ ፕሩፍ ነው» ስላላቸው ብዙ ተስፋ አድርገዋል። ክበቡ በሙሉ ጠረጴዛውን ከበበ። እሷ ግን ማጉያውን ይዛ ረጅም ጊዜ ቆየች። ሜዳው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ የጎፈሩ ፀጉር ተፍቆ ደብዝዟል፤ ክብደቱም ከ28 ግራም ጥቂት ጎድሏል። «መምህር፣ ብሩ እውነተኛ ነው። ፕሩፍ ግን አይደለም፤ ከተቀረጸ በኋላ የተወለወለ ነው» አለች። ማንም ሳይጠይቃት፣ ቤቷ የሚጠብቀውን እያወቀች፣ የራሷን ሳንቲም ዋጋ ራሷ አወረደች።

በሳምንቱ ተጨማሪ ይዛ መጣች። አያቷ ከእናታቸው የወረሱትን ብር በየእንቁጣጣሹና በየፋሲካው በአመድና በሎሚ ሲያሹት ኖረዋል። ከእንግዲህ እንዳያሹት ስትነግራቸው «ታዲያ ሳይጸዳ ለበዓል እንዴት ይውጣ?» አሏት። ካርዷ ላይ «እውነተኛ፣ በፓሪስ የተቀረጸ፣ ፕሩፍ ያልሆነ» ብላ ሞላች፤ «የደረሰበት ለውጥ» በሚለው ቦታ ደግሞ «አያቴ ለበዓል ያጸዱት» ብላ ጻፈች። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ የተሟላ የመረጃ ካርድ አላየሁም። ጥንታዊ ሳንቲም ማጽዳት እንደማይገባም ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ይህ ካርድ ለሌሎቹ አስተምሯቸዋል።

ያልተሳካም አለ። የታቀደው የሙዚየም ጉብኝት በመጓጓዣ እጦት ቀርቷል። የወላጆች ቀን ኤግዚቢሽናችን የተመደበለት ቦታ የደረጃው ሥር ስለነበር ብዙ ወላጅ ሳያየው ሄዷል። የምንመዝነው በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሚዛን ነው፤ የፈተና ሰሞን ሥራችን ይቆማል። ለኳስ ቡድናችን በየዓመቱ ማሊያ ሲገዛ ደስ ይለናል፤ አንድ ሚዛን ግን ከማሊያዎቹ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው፣ ለዓመታትም ያገለግላል።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎሉ ጥቂት ማጉያዎችና አሲድ የሌለው የወረቀት ፖስታ ነው። ማገዝ የሚፈልግ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ያገኘናል። በቤቱ የቆየ ብር ያለውም ይዞት ይምጣ፤ ሳያጸዳው ብቻ።