የፊልም ክበብ፦ ከተኩሱ በኋላ ያለው ታሪክ

ክበባችን ዘንድሮ ከበድ ያለ ርዕስ መረጠ። የጋንግ (የወሮበላ ቡድን) ሕይወት በፊልም እንዴት ይታያል? መዘዙስ? ሐሳቡ የመጣው ከ11ኛ ክፍል ልጆች ነው። ስልካቸው ላይ የሚመጣላቸው ቁራጭ ቪዲዮ ሽጉጥ፣ ሐብልና መኪና ብቻ ነውና ሙሉ ታሪክ ማየት ፈለጉ። ስድብና ደም ስላለበት ቀድመን ወላጆችን አስፈቀድን።

ብዙ የቆየነው «ቦይዝ ኢን ዘ ሁድ» ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ሲንግልተን ያደገበትን ደቡብ ሎስ አንጀለስን ነው የሚያሳየው። ፊልሙ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ለምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ከታጩት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ፣ ከጥቁሮችም የመጀመሪያው እሱ ሆነ። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ በጣም ተነቃቁ።

ሪኪ የሚባለው ልጅ በአሜሪካ ፉትቦል ችሎታው ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው 700 ነጥብ ይጠበቅበታል። ሰፈሩ ውስጥ ተተኩሶበት ይሞታል። በኋላ እናቱ ፖስታውን ስትከፍት ውጤቱ 710 ነው። ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ነው። ተኩሱ አፍታ ነው፤ ፖስታው ግን እናትየው እጅ ላይ ይቀራል።

የጦፈው ክርክር በበቀሉ ላይ ነበር። የሪኪ ጓደኛ ትሬ ለበቀል ሲሄዱ መንገድ ላይ ከመኪናው ይወርዳል። የሪኪ ወንድም ዶውቦይ ግን ገዳዮቹን ይገድላል። «ወንድሙ እኮ ነው!» ያሉ ነበሩ። ዶውቦይ ራሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መገደሉን ፊልሙ በጽሑፍ ብቻ ይነግረናል። ሞቱን አያሳይም። አንዷ ተማሪ «ለዚህ ነው የሚያመው» አለች። እውነቷን ነው።

የሪዮ ዴ ጄኔሮውን «ሲቲ ኦቭ ጎድ»ም አየን። ብዙዎቹ ተዋንያን ከዚያው ከድሆች ሰፈሮች የመጡ ወጣቶች ናቸው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ፍጥነቱ ልጆቹን ስላስደመማቸው ስለሟቾቹ ለማውራት ጊዜ ወሰደብን።

ከዚያ የራሳችንን አጭር ፊልም ሠራን። የመጀመሪያው ስክሪፕት ድብድብ በድብድብ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ተከራክረው ድብድቡን አወጡትና ልጇን እራት ይዛ የምትጠብቅ እናት አስገቡ። የሰፈር ጩኸት ከውጭ ብቻ ይሰማል። ይህን ከሲንግልተን ነው የተማሩት፤ እሱ ፊልም ውስጥ የፖሊስ ሄሊኮፕተሩ ብዙም ባይታይም ድምፁ ከቤቶቹ በላይ አይጠፋም። በወላጆች ቀን ስናሳየው አንዳንድ እናቶች ድጋሚ ይታይልን አሉ።

ለመጪው ዓመት ደህና ማይክሮፎን በጣም ያስፈልገናል። ኤዲቲንግ መማር የሚፈልጉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም በመስከረም ይመዝገቡ።