ስም ከማውጣታችን በፊት ዝርዝሩን አሳዩን

ለአዘጋጁ፣

ለልጆቻቸው "ያልተለመደ ስም" ስለሚያወጡ ወላጆች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የዘመኑ ወላጅ ስም የሚያወጣው ለጉራ ነው፣ አንዱ ካንዱ እየኮረጀ ነው ይላሉ። በጉራው አልከራከርም፤ ትንሽ አለችበት። በኩረጃው ግን አልስማማም። ማንም ከማንም አልኮረጀም። እንዲያውም ችግሩ እሱ ነው፤ ብንኮራረጅ ኖሮ ቢያንስ ስሙ መያዙን እናውቅ ነበር።

ልጄ ሐሴት ትባላለች። በ2003 ዓ.ም. ስትወለድ ከዘመድም፣ ከሰፈርም፣ ከመሥሪያ ቤትም ሐሴት የምትባል አንድ ሰው አናውቅም ነበር። ቃሉን እንኳ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከማቴዎስ ወንጌል "ደስ ይበላችሁ፣ ሐሴትም አድርጉ" ሲባል ያልሰማ ክርስቲያን የለም። በሰው ላይ ሲወጣ ግን ለጆሯችን አዲስ ነበር። ባለቤቴ ወዲያው ወደደው። አማቴ ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው፣ ስም ጠፍቶ ነው?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ሐሴት ብለው ጠርተዋት አያውቁም፤ እሳቸው ያወጡላት ማንጠግቦሽ ብለው ነው። አያት የራሱን ስም ማውጣቱ ያለ ነገር ስለሆነ ዝም አልን።

ለምን ብርቅ ስም ፈለግሽ ለምትሉኝ፣ የእኔን ስም ልንገራችሁና ዕድሜዬን ገምቱ፤ ትዕግስት ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ሦስት ትዕግስቶች ነበርን። አንዷ ረጅሟ ትዕግስት፣ አንዷ ቀይዋ ትዕግስት። እኔ ረጅምም ቀይም ስላልሆንኩ በአባቴ ስም የመጀመሪያ ፊደል "ትዕግስት በ" ተባልኩ። መምህሩ "ትዕግስት፣ ውጪ!" ባሉ ቁጥር ሦስታችንም ልባችን ይመታ ነበር፤ ጥፋቱ የአንዷ፣ ድንጋጤው የሦስታችን። ልጅ ስወልድ ይሄን አላሳያትም አልኩ። በቃ ይኸው ነው ምክንያቴ።

ኬጂ የገባች ዕለት አንዲት ሌላ ሐሴት አገኘን። ሳቅን፣ ከእናቷ ጋር ተዋወቅን፣ "እኛ ብቻ መስሎን!" ተባባልን። በዓመቱ ሌላ መጣች። ሌላኛው ሴክሽን ውስጥም ነበሩ። ምሳ ዕቃዋ ላይ በማርከር "ሐሴት" ብዬ ጽፌ ነበር፤ የሌላዋም እናት እንደዚያው። ሁዳዴ ላይ ልጄ የእሷን ሽሮ ፍርፍር ትታ የጓደኛዋን እንቁላል ሳንዱች በልታ መጣች። ሞግዚቷ የስም ነገር ተሳስቶባት ነው። ልጄ ግን ስህተቱን ሳታውቅ የበላች አይመስለኝም። አማቴ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፈውም።

እና የሚያናድደኝ መብዛቱ አይደለም። የሚያናድደኝ አሁን ሰው "አይ፣ ይሄ የፋሽን ስም" ሲለኝ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ስም ጠፍቶ ነው ወይ የተባልኩበትን ስም ዛሬ ከሰው ቀድተሽ ነው እባላለሁ። ከማን እንደቀዳሁ የሚነግረኝ ግን የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአንድ ዘመን ወላጆች ተመሳሳይ ነገር ነው የሚሰለቻቸው። በእናቴ ዘመን ክፍሉ ሁሉ አልማዝ፣ አበበች፣ ወርቅነሽ፣ ብዙነሽ፣ ፀሐይ ነበር። እነዚያ ሲያድጉ በ"ነሽ" የሚያልቅ ስም ሰለቻቸውና እኛን ትዕግስት፣ ሔለን፣ ሜሮን፣ ቤተልሔም፣ ራሔል አሉን። እኛ ደግሞ ተራችን ሲደርስ ሜሮንና ቤተልሔም ሰለቹን። ሁላችንም በየቤታችን ተደብቀን፣ ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ እያገላበጥን፣ ያንኑ ከሰው ሰው የሚዞረውን "ምርጥ የሕፃናት ስሞች ከነትርጉማቸው" እያነበብን፣ ሁላችንም ለስለስ ያለ፣ አጠር ያለ፣ ውጭ አገርም ለመጥራት የማያስቸግር ስም ፈለግን። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ የጨመረ ሰው የተለየ ውሃ አይቀዳም። "ና" የሚለውን ድምፅ ብቻ ተመልከቱ። ወንዶቹ ናታን፣ ናሆም፣ ናኦድ፣ ናኦል፣ ናትናኤል። ሴቶቹ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ዮሐና። ተሰብስቦ የወሰነ የለም፤ ጆሯችን ነው የተስማማው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ናኦልና ኪያ አፋን ኦሮሞ ከሚናገር ቤት ውጪ እምብዛም አይሰሙም ነበር፤ ዛሬ አንድም የኦሮምኛ ቃል የማይናገሩ ጎረቤቶቼ ልጃቸውን ናኦል ብለውታል። ያምራል፣ ለምን አይሉትም። (ከአብዮቱ በኋላ አብዮት የተባሉትን፣ በሚሌኒየሙ ሰሞን ሚሌኒየም የተባሉትን አላነሳም። እነሱ ስማቸው ራሱ ልደት ሰርተፊኬት ነው።)

"ታዲያ ስም ቢመሳሰል ምን አለበት?" ይባል ይሆናል። ሌላ አገር ቢሆን እኔም ምንም የለበትም እላለሁ። እኛ ጋ ግን ስም ብዙ ይሸከማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ብሎ ጽፏል፤ መሬት ላይ ግን አልወረደም። አሁንም የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። የአባትየው ስም ደግሞ በራሱ ዘመን ፋሽን የነበረ ነው። እነዳዊት፣ እነዮናስ፣ እነሔኖክ፣ እነሳሙኤል ናቸው ዛሬ የሚወልዱት። ስለዚህ ሐሴት ዳዊት ብትሉ፣ ናታን ሳሙኤል ብትሉ፣ አንድ ሰው ጠራሁ ብላችሁ አትመኑ።

አንድ ጊዜ ልጄ ትኩሳት ይዟት ክሊኒክ ሄድን። ላብራቶሪ በር ላይ ስሟ ከነአባቷ ተጠራ። ተነሳሁ። ከጎኔ የተቀመጠችም ሴት ተነሳች። ሁለታችንም ወረቀቱን ያዝን፣ ያውም ያንድ ወረቀት ሁለት ጫፍ። የላብራቶሪው ሠራተኛ "የአያት ስም?" ብሎ ሲጠይቅ ነው የእሷ መሆኑ የታወቀው። የሷ ታይፎይድ ነበረባት፤ የእኔዋ ጉንፋን። እኔ አንድ ደቂቃ ቀድሜ ብነሳ ኖሮ የሰው ልጅ መድኃኒት እያጋትኩ ወደ ቤቴ ነበር። ፋይዳ መጥቷል፣ ቁጥር አለ ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ ባንክ ቤቱን ይገላግላል። ኬጂ በር ላይና ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ግን ልጅ በቁጥር አይጠራም።

የፊደሉ ጣጣ ደግሞ አለ። ሀሴት፣ ሐሴት፣ ሐሤት። የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ በአንዱ፣ ትምህርት ቤት በሌላው ተጽፎ ለማስተካከል ስንት ቢሮ እንደዞርኩ አልቆጠርኩትም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍማ ተዉት። ይሄኛው የእኔ ምርጫ ያመጣው ስለሆነ በማንም አላሳብብም።

የሚገርመው የክርስትና ስም ላይ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ወለተ ማርያም ተባለች። አገሩ ሁሉ ወለተ ማርያም ነው። አንዲት እናት "ውይ፣ ይሄ ስም በዛ፣ ሌላ ፈልጉልኝ" ብላ ቄሱን ስትጨቀጭቅ አይቼ አላውቅም። እዚያ መመሳሰሉ ደስ ይለናል፣ እዚህ ያሳፍረናል። እንዴት እንደሚታረቅ እኔንም አልገባኝም።

ልጄ ግን በራሷ መንገድ ገላገለችን። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ሌላ ሐሴት ክፍሏ ውስጥ ስላገኘች፣ ጓደኞቿ ምን እንበልሽ ሲሏት ማንጠግቦሽ ብላ ነገረቻቸው። አሁን ማንጤ ነው የሚሏት። ከትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ማንጠግቦሽ እስካሁን አልተገኘችም። አማቴ ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ቡናቸውን ነው የደገሙት። ይህን የማወራው የድሮ ስም አውጡ ለማለት አይደለም። ነገ ሁሉም ሰው ማንጠግቦሽ ቢል ያው ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ዝርዝር ይውጣልን።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ስም ስትመርጥ ያደረገችው መጀመሪያ የሶሻል ሴኩሪቲን የስም ዝርዝር ማየት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ ለተወለዱ ልጆች የወጣውን ስም ከነብዛቱ ያትማል፤ መረጃው እስከ 1880 ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አመቱ በፈረንጅ ነው። ጄኒፈር የሚለው ስም ከ1970 እስከ 1984 በተከታታይ አንደኛ እንደነበር ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። በዓመት ከአምስት ልጅ በታች የወጣ ስም አይታተምም፣ የልጆቹን ማንነት ለመጠበቅ። እህቴ አንድ ስም በጣም ወዳ ነበር፤ ስታየው በየዓመቱ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ላይ ሊደርስ ነው። ተወችው። ባሏ ደግሞ ይሁን፣ ወድጄዋለሁ ብሎ ተከራከረ፤ እሱም መብቱ ነው፤ ዋናው ነገር ሁለቱም የሚያወሩትን አውቀው መጨቃጨቃቸው ነው።

እኛ ጋ ልደት መመዝገብ ግዴታ ከሆነ ቆየ። አዋጁ የ2004 ነው፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው 2008 ላይ ነው፤ ወላጅ ልጁን በ90 ቀን ውስጥ ያስመዘግባል። አዲስ አበባ ላይ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ አለ፣ ሥራውም ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ስሙ ተመዝግቦ ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ የአባት ስም ሳይነካ፣ አድራሻ ሳይነካ፣ የልጁን ስም ብቻ ቆጥሮ በዓመት አንድ ጊዜ ማውጣት ምን ያስቸግራል? ሀሁን እየተከተሉ ሀ፣ ሐ፣ ኀን አንድ አድርጎ መቁጠር ትንሽ ሥራ ይጠይቅ ይሆናል። ከዚያ ውጪ ወጪው አይታየኝም። በልጆች ቁጥር ትምህርት ቤት ይታቀዳል፣ ክትባት ይታቀዳል፤ ከዚያው መዝገብ ለወላጅ የምትሆን አንዲት ገጽ ብትቆረስ ማን ይጎዳል?

ዝርዝሩን አይቶ አንደኛውን ስም የሚመርጥ ወላጅ ይኖራል፣ ይምረጥ። አይቶ የሚሸሽም ይኖራል። ኬጂ በር ላይ ከመደንገጥ ይሻላል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ወላጆች ጉራ ከመጻፍ ይልቅ ኤጀንሲውን ይህን ጥያቄ ይጠይቅልን። መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ይህን የምታነቡ የኬጂ መምህራን ካላችሁ፣ የክፍላችሁን ልጆች ስም፣ የአባት ስምና የትምህርት ቤቱን ስም ሳትጨምሩ፣ ለአዘጋጁ ላኩለት። ቢያንስ ዘንድሮ የገቡት እነማን እንደሚባሉ እንወቅ።

ትዕግስት በ.
ከአዲስ አበባ