ግልጽ ደብዳቤ ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር፦ አሸዋ የተሸከመው ጫና ሳይታወቅ አይመዘን

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብ የአፈር ምርመራ ሪፖርት አሸዋ ባለበት ሁሉ የአሸዋውን እፍጋትና የተሸከመውን ጫና አብሮ እንዲገልጽ በመመሪያ እንድታስገድዱ እንጠይቃለን።

በኤስፒቲ (የአፈርን ጥንካሬ በመዶሻ ምት ብዛት በሚለካ) ምርመራ 63.5 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ፣ ናሙና ማውጫው የመጨረሻውን 30 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ምቱ ይቆጠራል። በ2 ሜትር ጥልቀት 10፣ በ20 ሜትር ደግሞ 20 ምት ተገኘ እንበል። የታችኛው የተሻለ ይመስላል። የከርሰ ምድር ውሃው ከ2 ሜትር የሚጀምር ከሆነ ግን የአሸዋው ቅንጣቶች የሚሸከሙት ጫና በላይኛው ጥልቀት 36፣ በታችኛው 200 ኪሎፓስካል (የጫና መለኪያ) ገደማ ነው። በእኩል ጫና ለማነጻጸር ሁለቱም የምት ቁጥሮች ወደ 100 ኪሎፓስካል ሲስተካከሉ የላይኛው 17፣ የታችኛው 14 ይሆናል። ታች ምቱን ያበዛው ጫናው ነው፤ የታችኛው አሸዋ ከላይኛው ይልቅ የላላ ነው።

የታመቀ አሸዋ ሲገፋ ቅንጣቱ በቅንጣት ላይ መውጣት ስላለበት ይሰፋል፤ ትርፍ ጥንካሬውም ከዚህ ይመጣል። ጫና ሲበረታ ግን መስፋቱ ይታፈናል፣ ቅንጣቶችም ይሰበራሉ። ስለዚህ በ50 ኪሎፓስካል የተገኘን የሰበቃ ማዕዘን (የአሸዋን የመንሸራተት መቋቋም የሚገልጽ ቁጥር) 400 ኪሎፓስካል ለሚያርፍበት መሠረት መጠቀም አደገኛ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የተቀላቀለበት አሸዋ፣ ቅንጣቱ ቀዳዳማ በመሆኑ፣ ፈጥኖ ይደቃል።

የላላ አሸዋ ውሃ ጠግቦ መሬት ሲናወጥ ደግሞ ቅንጣቶቹ ሊቀራረቡ ይሞክራሉ። ውሃው የሚወጣበት ጊዜ ስለሌለው ጫናውን ይረከባል፤ አሸዋውም እንደ ፈሳሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 በጃፓን ኒጋታ ከተማ አፓርታማዎች ሳይፈራርሱ የተጋደሙት በዚሁ ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ እንዴት እንደተናወጠ አይተናል፤ እንደ ሐዋሳ ባሉ የሐይቅ ዳር ከተሞች ይህ ስሌት ሊዘለል አይገባም።

ሙሌትም ላይ ይኸው ሕግ ይሠራል። ትንሽ የረጠበ አሸዋ ቅንጣቶቹ ስለሚያያዙ አይጠቀጠቅም፤ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እየተነጠፈ በነዛሪ ሮለር ይዳመጥ። የላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር የሚጫነው ስለሌለ ከሮለሩ በኋላም ላላ እንዳለ ይቀራል። ተቆጣጣሪው እፍጋቱን ከዚያ በታች ቆፍሮ ይለካ፤ ከላይ ለክቶ ጥሩውን ንጣፍ የሚጥል፣ ወይም ቀጣዩ ሲደረብ ይስተካከላል ብሎ ሳይለካ የሚያልፍ፣ ሁለቱም ይሳሳታሉ።