የቅዳሜው ስብሰባ፦ ስለ ምርመራና ስለ ኮንዶም

ውድ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ የምንሰበሰበው ሁሉም ወገን አውቆና ፈቅዶ ከአንድ በላይ የፍቅር ጓደኛ ያለን ሰዎች ስለ ምርመራና ስለ ኮንዶም ያለንን ስምምነት በግልጽ እንድንነጋገርበት ነው።

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የተለመደው አዳራሽ ነው። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀኑ 3 ሰዓት፣ በእኛ 9 ሰዓት። ባለፈው ሁለት ሰዎች በጠዋት መጥተው የተዘጋ በር ሲጠብቁ ቆይተዋል።

ነርስ የሆነችው አባላችን ጥያቄ ትመልሳለች። እስከዚያው ግን «ተመርምሬያለሁ» ማለት ብቻ እንደማይበቃ አስቡበት፤ መቼ? ለየትኛው በሽታ? ከደም ሥር በሚወሰድ ደም የሚሠራው የኤችአይቪ ምርመራ እንኳ ከተጋለጡ በኋላ እስከ 45 ቀን ድረስ ላያሳይ ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ የተባሉት የአባላዘር በሽታዎች ያለ ምንም ምልክት ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሽንት ምርመራ እዚያ ያሉትን አያገኝም። ቫዝሊን የላቴክስ ኮንዶምን ስለሚያበላሽ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ተጠቀሙ። ኮንዶም ከተቀደደ ደግሞ ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው የ28 ቀን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

የምንወስነው በየ3 ወይም በየ6 ወሩ እንመርመር የሚለውን ነው። እኔ ለ3 ወሩ ነው ድምፄ። የመጨረሻ ምርመራችሁን ቀን ይዛችሁ ኑ፤ ውጤቱን ማሳየት ግዴታ አይደለም። በስብሰባው ላይ ያልተገኘ ሰው ስም ግን አይነሳም።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ ለእኔ ብቻ በግል ጻፉልኝ።