ይድረስ ለታዴ፦ ለእናትህ ለእትዬ ዘውዴ እንዴት እንደምትጽፍላት

ወንድሜ ታዴ፣ እንደምን ከርመሃል? ሜሪላንድ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ መቅረቴ የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። «ለእናቴ የምልከው ነገር ችግር ያመጣባት ይሆን?» ብለኸኝ ነበር። መልሱ ረዘም ይላል።

«እኔ ውጭ ነኝ፣ ማን ያገኘኛል» የምትለውን ግን አስቀድመህ ተው። እዚያው ሜሪላንድ የሚኖር፣ ፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ የሚያውቀው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የገባው በኢሜይል በደረሰው የዎርድ ፋይል ነው፤ የስካይፕ ጥሪዎቹን ሳይቀር ቀድቶበታል። የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ለኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ የተላከው ፋይል የጣሊያኑን የሃኪንግ ቲም ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር የያዘ እንደነበር ያጋለጠው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም ነው። በኋላ የመጣው የእስራኤሉ የሳይበርቢት ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ደግሞ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ነበር የሚቀርበው።

የገቡበትን በር ልብ በል። ባለቤቱ ራሱ ፋይሉን ወይም ሊንኩን እንዲነካ ተደረገ እንጂ ምስጠራ የሰበረ የለም። ስለዚህ ያልጠበቅኸው ፋይል ከወዳጅ ስም ቢመጣም ደውለህ «አንተ ነህ የላክኸው?» በል። «አዘምን» የሚል ገጽ ሲከፈትብህ ዝጋው፤ ማዘመን ያለብህ ከስልኩ ሴቲንግ ወይም ከፕሌይ ስቶር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቴሌግራም ልምጣ፤ እትዬ ዘውዴም ሰፈሩም ያለው እዚያ ነውና። ተራው የቴሌግራም መልእክት ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከስልክ ወደ ስልክ የተመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመግቢያው ኮድ ነው። በኤስኤምኤስ ከመጣ በቴሌኮሙ መስመር ሳይመሰጠር ያልፋል፤ መስመሩ በእጁ ያለ ሰው ኮዱን አንብቦ በሌላ ስልክ ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፦ ሴቲንግ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን፤ ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያደርገዋል። የማይገናኙ አምስት ቃላት አስገባ፤ የልጆችህን ስም እንዳታደርግ። ማስመለሻ ኢሜይሉም የራሱ ጠንካራ ቁልፍ ይኑረው፤ አለዚያ የፊቱን በር ዘግተህ የጓሮውን ከፍተህ ተኛህ። «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈትና የማታውቀው ስልክ ካለ አስወጣው። ለእናትህም የአክስትህ ልጅ ይህንኑ ያድርግላት።

ስለ ጤናዋና ስለ ጤፍ ዋጋ እንደ ድሮው በቴሌግራም አውሩ። ጠንከር ላለው ነገር ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ይሁን፤ መልእክቱም በሳምንት እንዲጠፋ አድርገው። ስልኩ ተከፍቶ ሰው እጅ ከገባ ግን ያልጠፋው ሁሉ ይነበባል፤ እዚያ ላይ ምስጠራው አያድንም።

ቪፒኤንን (ግንኙነትህን በሌላ ሰርቨር በኩል ደብቆ የሚያሳልፈውን መተግበሪያ) በተመለከተ፣ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲዘጉ ያሻገረው እሱ ነው። የቁልፍ ምልክት ያለው ገጽ እንኳ ሲከፈት ስሙ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ስለሚሄድ፣ አጋጁ ስሙን አይቶ ይቆርጠዋል። ቪፒኤን ስሙን ከቴሌ ይደብቅና ለቪፒኤኑ ባለቤት ያሳየዋል፤ ነጻ የተባለውን ሁሉ አትመን። ሳይዘጋ በፊት ሁለት ዓይነት አስጭንላት፤ ከተዘጋ በኋላ ማውረጃው ራሱ ላይከፈት ይችላል። ትግራይ ላይ በ2013፣ አማራ ክልል ላይ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ እንደሆነው ኢንተርኔቱ ከነጭራሹ ሲቆረጥ ግን ቪፒኤን የሚያልፍበት መስመር የለም። ያን ጊዜ ደህንነቷን በስልክ ከጠየቅህ ይበቃል፤ ሌላውን ወሬ ወደ ኤስኤምኤስ እንዳታዞረው።

እሑድ ስትደውልልኝ ሲግናል ላይ በመካከላችን ሌላ ሰው አለመግባቱን የምናረጋግጥበትን «ሴፍቲ ነምበር» የሚለውን ክፈት፤ 60 አሃዝ ነው፣ በአምስት በአምስት አሥራ ሁለት ቦታ የተከፈለ። አንተ ስድስቱን ክፍል ታነባለህ፣ እኔ የቀሩትን ስድስት። አንድ ቦታ እንኳ ከተለያየ ምንም ሳትጽፍ ዝጋው።

ወንድምህ