የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ ስፓርታ ደርሶ የተመለሰው ሯጭ

የዓመቱን ሥራችንን የወሰነው የአንድ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። ጥቅምት ላይ ስለ ማራቶን አጀማመር፣ ከማራቶን የጦር ሜዳ አቴና ድረስ ሮጦ ድሉን አብስሮ ሞተ ስለሚባለው መልእክተኛ፣ በሚኒ ሚዲያ ያቀረብነውን ሰምቶ መጣና፣ «መምህር፣ መልእክተኛው ‹አሸነፍን› ብሎ ሲሞት ያየ ሰው ነው የጻፈው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዓርብ ክበቡ በዚሁ ጉዳይ ተሰበሰበ።

አቴናውያን ፋርሶችን ያሸነፉበት የማራቶን ጦርነት የተካሄደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ነው። የጦርነቱን ታሪክ ከግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከፋርስ 6,400፣ ከአቴና 192 ሰው መሞቱን ሳይቀር ቆጥሮ አስቀምጧል። አቴና ደርሶ ስለሞተ ሯጭ ግን አንድም ቃል የለውም። እሱ የሚነግረን ሌላ ሩጫ ነው። ፊዲፒደስ የሚባል፣ ሙያው መልእክት ማድረስ የሆነ ሰው፣ ከጦርነቱ በፊት እርዳታ ሊጠይቅ ከአቴና ወደ ስፓርታ ተላከ፤ በማግስቱም ደረሰ። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሻሸመኔ ሊደርስ ጥቂት እንደቀረው ሰው ማለት ነው። ስፓርታዎች ሕጋችን ጨረቃ ሙሉ ሳትሆን መዝመት አይፈቅድም አሉት። በኋላ 2,000 ሆነው ሲመጡ ጦርነቱ አልቆ ስለነበር የፋርሶችን ሬሳ አይተው፣ አቴናውያንን አመስግነው ተመለሱ።

«እኔን የሚያሳዝነኝ መልሱ ነው» አለች አንዷ አባላችን። «ያንን ሁሉ ተራራ እምቢታ ይዞ ነው የተሻገረው።» ከዚያ በኋላ ክበቡ ውስጥ ስለሚሞተው መልእክተኛ ብዙም የጠየቀ የለም። እሱን የጻፈው ሌላው ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ከጦርነቱ ከ500 ዓመት በላይ ዘግይቶ የኖረ ሲሆን ሯጩንም የሚጠራው በሌላ ስም ነው። ይህን ሞት ከፊዲፒደስ ጋር ያገናኘው ደግሞ ከፕሉታርክም በኋላ የመጣው ጸሐፊ ሉሲያን ነው። ለዓመታት እኔም ሁለቱን ታሪኮች ቀላቅዬ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ዘንድሮ ግን በየክፍሉ ዞሬ አርሜያለሁ።

ጥር ላይ ወደ ሜዳ ወጣን። በጥንቱ የግሪኮች የኦሊምፒያ ውድድር ማራቶን አልነበረም፤ ረጅሙ ሩጫ ዶሊኮስ ሲሆን ርዝመቱ 24 ስታዲዮን ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ስታዲዮን የርዝመት መለኪያ ነው፤ የኦሊምፒያው 192 ሜትር ነው። የእኛ ሜዳ ያን ያህል ስለማይረዝም ልጆቹ በሲባጎ 96 ሜትር ለክተው ሁለት እንጨት ተከሉና ከአንዱ ወደ ሌላው 48 ጊዜ ሮጡ። ግሪኮችም የሚዞሩት እንዲህ በተተከለ ምሰሶ ዙሪያ ነበር። ከሩጫው ይልቅ መታጠፉ ፈተናቸው፤ አቧራው ያንሸራትታል። አንዱ በእጁ እንጨቱን ይዞ ሲሽከረከር ሌሎቹ «አይቻልም!» ብለው ጮኹ፤ ክርክሩ እስከ ደወል ድረስ ቀጠለ።

ለወላጆች ቀን ያዘጋጀነው ግድግዳ ጋዜጣ የዘመናዊውን ማራቶን ልደት ይዟል። ሐሳቡን ያመነጨው ፈረንሳዊው ሚሼል ብሬያል ነው፤ አቴና ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ 40 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ ያሸነፈው ደግሞ ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ። የዛሬው 42.195 ኪሎ ሜትር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1908 ከለንደን ነው። የአቴናውን ሩጫ ቀን በእኛ አቆጣጠር እንድታሰላ የተመደበችው ተማሪ ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ላይ ደረሰች፤ ከዓድዋ ድል ልክ 40 ቀን በኋላ። ሦስት ጊዜ አስቆጠርኳት። በቀይ ቀለም ጽፋ ከጋዜጣው አናት ላይ ለጠፈችው።

እንጨቶቹ እስካሁን አልተነቀሉም፤ ጠዋት ከሰልፍ በፊት የሚዞሩባቸው ልጆች አሉ።